የጎደለችው ጥርስ

ሞተር ሲቆም «ጠፋ» እንላለን እኛ፣
እንደ ጠፋ ፍየል፣ እንደ መንገደኛ።
ቃሉን ያወጣው ሰው ሳይገባው አልቀረም፣
የቆመ ሞተር ሁሉ ተሰብሮ አይደለም፤
የት እንደደረሰ ጠፍቶት የቆመ አለ፣
ዳገት ወገብ ላይ እየተንጠለጠለ።

የዚያድ ሚኒባስ፣ ሰኞ ደንገጎ ላይ
ጠፋበት፤ ሐሙስም ያው ኩርባ፣ ያው ፀሐይ፤
እሁድ ከነሚዜው፣ ከነሆታው ቆመ፣
ሙሽራው በከረባት ድንጋይ ተሸከመ።
ደግሞ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሩብ ሰዓት ሲያርፍ፣
ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይከንፍ!

ሳቢያን ያለው ጋራዥ ፓምፑን ቀየረለት፣
መጋላ ላይ አንዱ ፊልትሮ ሸጠለት፤
ታይዋን ያለው ልጅ ኮምፒውተር ሰክቶ
«የክራንክ ሴንሰር!» አለ፣ ኮዱን ተመልክቶ፤
አዲስ ገዝቶ ገጠመ። ሁለት ቀን ሠራለት።
በሦስተኛው ደንገጎ ጠበቀው፣ እንደለመደበት።

እኔ ጋ ሲመጣ ሰባት ሰዓት ነበር፣
ውሻው ጥላ አጥቶ ጎማ ሥር ሲዳክር።
«አቦ ነጂብ፣» አለኝ፣ «ወይ አድነው፣ ወይ ቅበረው፤
የልጄን ደብተር ሳይቀር ይኸ ነው የጨረሰው።»

ነገሩን ላስረዳህ፤ ክራንኩ ጫፍ ላይ አለ
ጥርሳም ክብ ብረት፣ ዙሪያው የተሳለ፤
ሴንሰሩ ፊቱ ቆሞ ጥርስ ይቆጥራል፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሠላሳ... ሳይደክመው ይኖራል።
ታዲያ ሁሉም ጥርስ እኩል ቢሆን ኖሮ
የቱ ነው መጀመሪያው? ማን ያውቃል ቆጥሮ?
ስለዚህ ሠሪው አውቆ፣ አንድ ቦታ ላይ
ጥርስ ነቅሎ ትቷል። ያቺን ክፍተት ሲያይ
«አሃ፣ እዚህ ነኝ» ይላል ሞተር ለራሱ፣
ናፍጣውም በልኩ ይገባል ለነፍሱ።

አስነሥቼ ተውኩት፣ ፀሐዩ ላይ ይጋል።
አርባ ደቂቃ ያህል አጓራ፣ አጉረመረመ፣
ድንገት አንዴ ተንቀጥቅጦ ጸጥ ብሎ ቆመ።
በሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ገባሁ ሥር፣
ሴንሰሩ ላይ አፈሰስኩ፤ «በል» አልኩት፣ «ሞክር!»
ምንም።
ኦሙን ለካሁት፤ ደህና ነው፣ አልታመመ፤
ታዲያ ማን ነው የዚህን ልጅ አፍ የለጎመ?
ውሃውን ወደ ሽቦው አንጠባጠብኩና
«አሁን!» አልኩ። ተነሣ! ጮኸ እንደገና።
ዚያድ መሪውን ሳመ። እኔ ግን አልሳቅሁ፣
ሽቦውን በጣቴ እየዳበስኩ ወጣሁ፤
ጭስ ማውጫው ጥግ ላይ አንድ ቁስል አገኘሁ፣
በጥቁር ፕላስተር ታስሮ። ተጠጋሁ፣ አየሁ።
ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገናኛል፣
እንደ ባልና ሚስት ይኳረፋል፣ ይታረቃል።

ወደ ግራ ነበር አጠቃለሉ፣ ጥብቅ፣
ጫፉም ተቋጥሯል በሰም ክር፣ በድብቅ።
ድሬ ውስጥ እንደዚያ የሚያስር ሁለት ነው፤
አንዱ አባቴ ነበር፣ ምድር ባቡር ሠርቶ ያለፈው።
ሌላው እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኢድ ዋዜማ ማታ፣
«ለጊዜው ነው» ብዬ ያሰርኳት ባንድ አፍታ።
ፓምፑ፣ ፊልትሮው፣ ሴንሰሩ፣ የሙሽራው ድንጋይ፣
ሁሉም በኔ ቋጠሮ። ፈራሁ ቀና ብዬ እንዳላይ።

ከላይ ዚያድ ብር ይቆጥራል። ከታች እኔ፣ ላብ።

ቆርጬ ጣልኩት። በስታኞ በየድኩት አዲሱን፣
ራቅ አድርጌ አሳለፍኩት፣ እንዳይነካው ጭሱን።
ወጣሁና፣ «ዚያድ፣ ክፈል አትበለኝ፣
ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁትም እኔ ነኝ።»

ዝም ብሎ አየኝ። ብሩን ኪሱ መለሰ።
«የሙሽራውን ከረባት አንተ ነህ የምታጥብ»
አለና ሄደ። ይሣቅ፣ ይቆጣ፣ አልለየሁም።

ማታ ስልክ ደወለ። አንድ ቃል አልተነፈሰ።
ከደንገጎ በላይ የሞተር ድምፅ ደረሰ፤
እኔም ቆጠርኩ፣ ዝም ብዬ፣ ጥርስ በጥርስ፣
የጎደለችዋ ጋ፣ የኔዋ ጋ እስክደርስ።