ቁጥር የሌለው ሳህን

ናሙናው ሲደርሰኝ ስም የለው፣ ቁጥር ነው፤
አርባ አራት አሥራ ሰባት፣ በረዶ ያቀፈው።
ከየት ኩሬ እንደ ወጣ፣ ማን መኖ እንደ በተነለት
አልጠይቅም፤ ሕግ ነው፤ ሚዛን ዘመድ የለበት።
አምስት ግራም ቆርጬ፣ ፈጭቼ አድቅቄ፣
አሲድ ጨምሬበት፣ አናውጬ ጠብቄ፣
መኪናው ሲሽከረከር ስቡ እስኪለይ ድረስ
በመስኮት አያለሁ የሀው ወንዝ ሲፈስ፤
ቡናማ ውኃ ነው፤ ቅጠል ይዞ፣ ጀልባ ይዞ፣
የካን ቶን ጉድ ሁሉ ወደ ባሕር አግዞ።

ማሽኑ አይቸኩልም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያስባል፣
ከዚያ ዝም ካለው መስመር አንድ ሾጣጣ ይነሣል።
ኤንሮፍሎክሳሲን፤ ከቢሊዮን ሦስት እጅ፤
በአንድ ቦቴ ውኃ ሦስት ጠብታ፤ ምላስ የማይፈጅ።
የገዢው ውል «ዜሮ» ይላል። ፈረምሁ።
«አያልፍም» የሚለውን ቀይ ማኅተም መታሁ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ፤
እኔ የጎረጎርሁት ሰው ሆኖ ደጄ ላይ ዋለ።
ሉዎም ይባላል፤ ባርኔጣውን በእጁ ጨብጦ፣
ጭቃው እግሩ ላይ ደርቆ፣ ከበሩ ጥግ ተቀምጦ፤
«ልጄ» አለኝ፤ «በዝናቡ ሆዳቸው ነጥቶ ሲንሳፈፉ፣
ጠዋት ሁለት መቶ፣ ማታ ሦስት መቶ ሲረግፉ፣
መድኃኒቱን ሰጠሁ፤ ማን ቆሞ ያያል?
ሃያ ስምንት ቀን ጠብቅ ይላል ከረጢቱ፤ ይላል።
መኪናው በአሥራ ዘጠኝ መጣ፤ የባንኩም ደብዳቤ መጣ፤
ዘጠኝ ቀን ነው የጎደለው፤ ዘጠኝ ቀን ከየት ላምጣ?»
መልስ አልነበረኝም። ውኃ ቀዳሁለት።
ብርጭቆውን እንደ እኔ በብርሃን አየና፣ ጠጣ።

ኮንቴይነሩ ወደ ሮተርዳም አልሄደም።
«ተወግዷል» የሚል ወረቀት ግን አላየሁም፤
ደወልሁ፤ ደግሜ ደወልሁ፤ ያነሣልኝ የለም።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ቶዋ ጎድጓዳ ሳህን አቀረበች፣
«ዛሬ ዓሣ ረክሷል፤ ጨምሬልሻለሁ» እያለች።
ኮምጣጣው ሾርባ ውስጥ፣ ከአናናስና ከቲማቲም መሐል
ወፍራም ነጭ ሥጋ፤ እንፋሎቱ ይተናል።
ቁጥር የለውም። በረዶ የለውም። ሽታው ደስ ይላል።
ጎኔ ዘበኛው ልጁን ያጎርሳል፤ ጉንጯን እያየ
አጥንት ይለቅማል፣ በጣቱ፣ አንድ በአንድ እየለየ።
አጥንትስ ይታያል።

አንድ ማንኪያ ቀመስሁ፤ ማንኪያውን አስቀመጥሁ።
ልናገር አሰብሁ፤ ምን ይዤ? ገና መች መዘንሁ?
ምናልባት ደኅና ነው፤ ምናልባት፤ መቼ አየሁ?
ቶዋ ከወዲያ «አልጣመሽም እንዴ?» አለችኝ።
«ጥሟል» አልኋት፤ እውነቴን ነው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

አንዷን ቁራጭ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁ፣
ሙቀቷ ጭኔን እየነካኝ ደረጃውን ወጣሁ።
ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ማሽኑን ቀሰቀስሁት፤
መዝገቡ «ምንጭ» ይላል፤ ብዕሬን አሾልሁት፤
«የእኔ ሳህን» ብዬ ሞላሁት።