ማወራረጃ

ወይዘሮ ትርንጎ፣ የፋይናንሷ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ሦስት ፕሮፎርማ» አለችኝ፣ «ያነሰው ያሸንፋል፤
አምና የወሰድከው ሳይወራረድ ሌላ ብር አይወጣም፣ ደንቡ እንዲህ ይላል።»

እኔ የምፈልገው መውረጃ ነው።
መውጫውንማ ማን ጠይቆኝ።
ለሚወጣ ሰው ማን ፕሮፎርማ ያመጣል፣
ጉልበት አለው ተብሎ ዝም ብሎ ይወጣል።

ሹም ይወርዳል፣ ሸክም ይወርዳል፣ ውርጭ ይወርዳል።
ከዛፍ ለሚመለስ ግን ቃሉ ሁለት ነው፤
ወረደ፣
ወይም ወደቀ።
መሐላቸው ያለችው አንዲት ብረት ናት።

ዛፉ እሪ በከንቱ ነው፤
ቤቶቹ ፈርሰው እሱ ብቻውን የቀረ፣
አጥር የሌለው ጽድ፣ የማንም ጓሮ ያልሆነ፣
ግማሽ ጎኑ ደርቆ ወደ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ያጋደለ።
ከሥሩ ሎተሪ አዟሪ፣ ተማሪ፣ ነፍሰ ጡር ያልፋል፤
ከላይ ሆኖ ለሚያይ የሰው አናት ሁሉ አንድ ያክላል።

ሶማሌ ተራ፣ ነስሩ ሱቅ ገባሁ።
በፍሬን ሸራና በራዲያተር መካከል
አንድ ካርቶን አለው፤
ከየትኛው መርከብ እንደወረደ
እሱ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁ።

«ስምንት ቁጥር» አለኝ። አውቀዋለሁ።
ሁለት ቀለበት፣ አንድ ወገብ፣
ኪስ ይገባል፣ ዋጋውም ደስ ይላል።
ግን ገመድ ያከርራል፤
ሦስተኛ ፎቅ ያህል ስትወርድ
ገመድህ እንደ ተቀየመ ዘመድ
ጀርባውን ሰጥቶህ ይጠመዘዛል።
ደግሞ ይግላል።
ከሁሉም የሚብሰው፣ እጅህን ስትለቀው
እሱም ይለቅሃል።

መዳፌን ለነስሩ አሳየሁት፣
ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ የሄደውን ጠባሳ።
ካዛንቺስ ነው፣ አምና፣ ባሕር ዛፍ ላይ፤
ተርብ አገኘኝ። ለቀቅሁ። መልሼ ያዝኩ።
በመልቀቅና በመያዝ መካከል ያለው
ይሄ ነው።

ጋሽ ሽኩር ይስቅብኛል።
አርባ ዓመት በቋጠሮ ነው የወረደው፤
አጭሩን ገመድ በረጅሙ ላይ አምስቴ ጠምጥሞ፣
«ሲከብደው ይነክሳል፣
በጣትህ ስትገፋው ይለሳል፤
ብረት ምን ያደርግልሃል?»
እውነቱን ነው።
ግን የጽድ ሙጫ የጠጣ ቋጠሮ
ጠዋት እሺ ብሎህ ማታ እንቢ ይላል።
ደግሞስ ለቋጠሮ
ማን ደረሰኝ ይቆርጣል?

ሦስተኛው ባለ እጀታ ነው።
ቀስ አድርገህ ስትስበው ትወርዳለህ።
ስትለቀው ይቆማል።
ደንግጠህ ጨምድደህ ብትስበውም ይቆማል።
ይሄን ሲነግረኝ ዝም አልኩ።
የፈራ ሰው የሚያደርገውን፣ አጥብቆ መጨበጥን፣
ጥፋት ብሎ ያልቆጠረ ብረት
አይቼ አላውቅም ነበር።

በስልኬ መብራት ውስጡን ፈተሽኩ፤
ገመድ የሚያልፍበት አልተበላም።
የኔ ገመድ አሥራ ሁለት ሚሊ፣ ይቀበላል።
ከሱቁ አግዳሚ ብረት ላይ አሰርኩት፣
እግሬን ከመሬት አነሳሁ፣
ከዚያ ሁለቱንም እጄን፣
እንደ ምርኮኛ፣ ወደ ላይ።
ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ብርጭቆ ጣለች።
እኔ አልወደቅሁም።

ዋጋው የስምንቱን ስድስት እጥፍ ነው።

ቅጹ ላይ አንዲት መስመር አለች፤
«ዝቅተኛው ዋጋ ያልተመረጠበት ምክንያት።»
ጠባብ ናት። ተርቡ አይገባባትም፣
ካዛንቺስም፣ ነፍሰ ጡሯም።
«እጅ ይደነግጣል» ብዬ ጻፍኩ።

ወይዘሮ ትርንጎ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።
አነበበች። ደግማ አነበበች።
«ይሄ ምክንያት ነው?»
መልስ ስላጣሁ መዳፌን
ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት፣ እንደ ደረሰኝ።

ማኅተሙን አነሳች።
ስልኳ ጮኸ፤ በግራ እጇ አነሳችው፣
ስለ ቤት ኪራይ ታወራለች፤
በቀኟ ማኅተሙ አየር ላይ ቀርቷል።
እኔም ከሥሩ ቆሜ
አንገቴን አቅንቼ እጇን አያለሁ፣
እንዴት እንደምታወርደው።