ጥቁር በጥቁር ላይ

ዐሥራ ሦስት ዓመት ዐጅማን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ መርፌዬ ሲወጣ ሲገባ፣
አባያ ስሰፋ ኖርኩ፤
ኋላ ኋላ ስፌቱን ባይኔ ትቼ ባውራ ጣቴ እየዳበስኩ።
«ደክሞኝ ነው» አልኩ፤ «የረመዳን ሥራ በዝቶ»፤
የመርፌው ቀዳዳ ከነክሩ ካይኔ ጠፍቶ፣
የጎረቤት ልጅ «እቴቴ ትርንጎ፣ አምጪው» ብሎ እስኪያሾልክልኝ
ስኳሬ ከደሜ አልፎ ወዴት እንደሄደ አልገባኝ።

ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ፣ ከሳሙናው መደርደሪያ ወዲያ፣
መጋረጃ ያላት ጠባብ ክፍል፤ በርጩማ፣ አንድ መሣሪያ፤
ሺጂ የሚሏት የኬረላ ልጅ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ
(ሁለታችንም ስንሰብረው እንግባባለን እኛ)
«አገጭሽን እዚህ፣ ግንባርሽን እዚያ፣ አረንጓዴዋን ነጥብ እዪ»፤
ቦግ! መብረቅ። «ደግሞ ሌላውን። አትርገብገቢ፣ ቆዪ።»

ሐኪሙ እዚህ የለም። አቡ ዳቢ ነው አሉኝ።
እኔ ለአውቶቡስ ድርሃም ስቆጥር፣ ዐይኖቼ ቀድመው ጥለውኝ
ኢቃማ ሳይጠየቁ፣ ኬላ ሳያስቆማቸው ሄዱ።
ግድግዳው ላይ ተጽፏል፦ «ከመቶው ዘጠና አንዱ
ልክ ነው።» ሺጂ አነበበችልኝ።
«ዘጠኙስ?» አልኳት። «ዘጠኙ የማን ዐይን ነው?»
ጭንብሏን ወደ ላይ ሳበች። ዝም አለችኝ።

እኔም እኮ ያላየኋትን አልብሳለሁ።
አንዷ ከፉጀይራ ድምፅ ትልክልኛለች፣
«ትከሻ ዐሥራ አምስት፣ ቁመት ሃምሳ ስድስት» ትለኛለች፤
አምኜ እቆርጣለሁ። አብዛኛው ልክክ ይላል፤
የቀረው ተጠቅልሎ በታክሲ ይመለሳል።
ሜትሩ ዋሽቶ አይደለም። የሴትዮዋ ቀኝ ትከሻዋ
ዝቅ ያለ ነበር፣ ልጅ ሲንጠለጠልበት የኖረ ጎኗ፤
ያንን ቁጥር አይናገረው፤ እሷም ራሷ አላወቀችው።
ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
ዐይኑ ዐጅማን፣ ልቡ አቡ ዳቢ ሲሆን፣ ፍርዱን ማነው የሚያደርሰው?

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ፦
«ግራ ዐይን፣ ገና ጀማሪ። ቀኝ ዐይን፣ ምስሉ አይነበብም።»
ለምን ደስ እንዳለኝ እስከዛሬ አይገባኝም።
«አላየሁትም» የሚል ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።
ያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ምንም የለብሽ» ብሎ የሸኘኝ፣
ያ ጉልበቱ ጉልበቴን እየነካ ፓናዶል የሰጠኝ፣
ቅርብ ነበር እሱ።

ተመለስኩ። ሺጂ ጠብታ ጨመረችልኝ፤ ብሌኔ ሰፋ።
ማሽኑን ትታ እኔን አየችኝ።
«አንገትሽን ለምን ወደ ግራ ትሰብሪያለሽ?»
«እኔ?» «አዎ፣ አንቺ። ስታዪኝ ሁሌ ታዘነብያለሽ።»
ከራሴ ተደብቄ የኖርኩትን በሁለት ጣት ጻፈችው፤
ከፎቶው ጋራ አብሮ ይሂድ ብላ ላከችው።

ማታ ደወለ፤ ሱዳናዊ ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሙዕተሲም።
«በቀኝሽ ሞራ አለ፤ ከጀርባው ያለውን ከዚህ ሆኜ አላይም።
ያሳሰበኝ ስለ አንገትሽ የተጻፈው ነው። ሻርጃ ሂጂ፣ በአካል ይዩሽ፤
የኔ ግምት አይበቃሽ።»

ሻርጃ በመብራት ያየኝ ሐኪም ሞራውን «ልክ ብሏል» አለ።
ከሞራው ኋላ ግን፣ ከሩቅ ያልታየ፣
የስንጥር ጫፍ የሚያህል ደም አገኘ።

ከዘጠና አንዱ ነኝ ወይስ ከዘጠኙ? አልጠየቅኩም።
ብሌኔ እንደሰፋ ወጣሁ። ቀትር ነው፤ ምንም አልለይም፤
አስፋልቱ ነጭ፣ መኪናው ነጭ፣
አባያ የለበሱት ሳይቀሩ ነጭ።

ስልኬ ጮኸ። የፉጀይራዋ ናት።
«ትከሻ ዐሥራ አምስት…»
«ቆይ» አልኳት። «ሜትሩን አስቀምጪው።
አጠገብሽ ሰው አለ?»
«እኅቴ አለች።»
«ስልኩን ለእሷ ስጪያት።
አንቺ ተነሽና ቁሚ። ትይሽ።»