ከአንዷ በቀር

ደሴ ተኝታለች፤ ጦሳ ላይ ጭጋጉ ተኝቶ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ የማራገቢያው ጩኸት ጆሮዬን ሞልቶ።
ፊቴ ላይ ሰሌዳ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ፤
እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ኮምፒውተር፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ልብ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ፍላሽ በኪሴ፣ ቆሎ በቦርሳ፣
ኩታበር የቀበርኩት ቫይረስ ተንታ ስገባ እየተነሳ፣
ወር ሙሉ ዞሬ ስመለስ የመጀመሪያው ደግሞ ሲበላሽ፣
እግሬ ነበር ኔትወርኩ፣ አገናኙም ያ ፍላሽ።

አሁን አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ «ለሁሉም»፤ ከዚያ «ፈጽም»፤
ቃሌ ዳገቱን ይወጣል፣ አያለከልክም፣ አያዘግም።
አንድ በአንድ ይመልሳሉ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳለ ስም ጥሪ፤
ሐይቅ፦ አለሁ። ቢስቲማ፦ አለሁ። ሐርቡ፦ አለሁ፣ እንደ ዘገየ ተማሪ።
አረንጓዴ፣ አረንጓዴ… አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል፤
በአንድ ጣት ሁለት መቶውን ማዘዝ ትንሽ ሹመት ሹመት ይሸተኛል።

ጉጉፍቱ ግን ቀይ ናት።
ሰላምታ ላክሁ፤ ዝም። ደግሜ ላክሁ፤ ዝም።
ማሽን ሲያኮርፍ እንደ ሰው አይደለም፤ አማላጅ አይቀበልም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የወረኢሉን ሚኒባስ ያዝኩ፤
አዲስ ገመድ ጠቅልዬ፣ በሆዴም ቁጣ ቋጠርኩ።
ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ጥርስ ከጥርስ ያንገጫግጫል፤
በሩን አንኳኳሁ። አዋላጇ አንሻ «ቀስ!» አለችኝ፣ «ሕፃን ተኝቷል።»

የኮምፒውተሩ መሰኪያ ተነቅሎ መሬት ወድቋል፤
ሶኬቱ ላይ የተሰካው ማሞቂያ ብርቱካን መስሎ ፈክቷል፤
ከሥሩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከቀኑ ስድስት ሳምንት የቀደመ፣
ጡጫዬን የማያህል ራስ… ሲተነፍስ አየሁት፣ ቁጣዬ ቆመ።

«ሌላው ሶኬት ተቃጥሏል፤ ይጠገን ብለን ጽፈን ነበር» አለች፤
«ያንተን ዕቃ ብርድ አይገድለውም።» ፊቷን ወደ ሕፃኑ መለሰች።

በሰሌዳዬ ላይ ግን ይህ ሁሉ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበር፤
«ምላሽ የለም» ይላል እንጂ፣ ማን እንደሚሞቅ አይናገር።

ገመዴን ሳልፈታ ተመለስኩ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብደውል፣
«ማክሰኞ እመጣለሁ» አለኝ፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ሳይል።

ማታ ያቺን መስመር ከፈትኩ። «ለሁሉም» ከሚለው ቃል በታች
«ከጉጉፍቱ በቀር» ብዬ ጻፍኩ፤ ትእዛዜ በሁለት ቃል ረዘመች።
ምክንያት የሚጻፍበት ጠባብ ሣጥን አለ፤ ጽፌ ሰረዝኩ፣ ጽፌ ሰረዝኩ፤
በመጨረሻ፦ «ሕፃን እየሞቀ ነው፤ እስኪበቃው እንዳትነኩ።»

ሁለት መቶ አሥራ አንዱ «አለሁ» አሉ። ቀይዋ ነጥብ እንዳለች ናት፤
እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ፣ እኔም እንደ ፍም አየኋት።