የወረቀቱ ጀርባ

ከአንገረብ ግድብ ሥር፣ ከማጣሪያው ቤት፣
ሃያ ስድስት ክረምት ባመሸሁበት፣
ትርንጎ መጣች፤ አዲስ ተቀጣሪ፣
ታብሌት እንዳኮፋዳ ያነገተች ተማሪ።

«ጋሼ አዝመራው» አለችኝ፣ «ጡረታዎ ደርሷል፣
ግድ የለም፤ ሥራውን ይኼ ያስተምረናል።
መሥሪያ ቤቱ የገዛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣
የመዝገብ ቤቱን ወረቀት አንድ ሳይቀር አንብቦት፣
የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል ቶሎ፣
‹ቆይ ላስብ› አያውቅም፣ አይቀጥርም ‹ነገ› ብሎ።»

ጥር ነው። ጥምቀት ካለፈ ገና አንድ ሳምንት፤
ጎርፍ የለ፣ ደለል የለ፤ ውሃው እንደ መስታወት፣
ከግድቡ ዳር ጠጠሩ አንድ ባንድ ይቆጠራል።
ጠየቀችው፦ «ዛሬ ክሎሪን ስንት ይገባል?»
«አሥራ ሁለት ኪሎ» አለ ሳያመነታ፣
እንደ ደብር አለቃ ረግቶ፣ በዝግታ።

እኔ የማውቀው ስድስት ነው።
ስድስት፣ ውሃው ሲጠራ፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት።
ልጅቷ ግን ከረጢቱን ጀምራለች መፍታት።

«ቆይ» አልኳት። «በዚህ አገር ሰው ሲሟገት
እማኝ ይቆጥራል እንጂ አይረታም በፍጥነት።
ይቁጠር እሱም። ይኼን ቁጥር ከየት አመጣው?
ያነበበው ገጽ የቱ ነው? የጻፈውስ ማነው?»

ከመልሱ ግርጌ ጣቷን አሳረፈች። ገጹ ተከፈተ፤
ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው፣ ሻይ የነካው፣ የሻገተ፣
በሐምራዊ እስክሪብቶ። ጽሕፈቱን አወቅሁት።
ጅራቷ የረዘመ ፊርማ፦ ‹አዝመራው ይግዛው›። የእኔ ናት።

ላብ በጀርባዬ ወረደ።
ያ ክረምት ትዝ አለኝ፤ ገደሉ የተናደ፣
አፈሩ ወደ ግድቡ የጋለበ ሌሊት፣
መብራት ጠፍቶ፣ በባትሪ ብርሃን የጻፍኩት።
አዎ፣ «አሥራ ሁለት ኪሎ» ነው ያልኩት።
ግን ወረቀት አልነበረም። ቀሪውን
በጀርባው ነው ያሰፈርኩት።

ትርንጎ መዝገብ ቤት ሮጠች፤ ዋናውን ይዛ መጣች፣
ገለበጠችው። ጮክ ብላ አነበበች፦
‹ይህ ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው። ጎርፉ ሲያባራ
ወደ ስድስት ይመለስ። አደራ።›

አደራ! ስካነሩ ፊቱን ወስዶ ጀርባውን ተወው፤
ምስጥ ሲያነበው ኖሯል እንጂ ሌላ ማንም አላየው።

«ውሸታም ነዋ!» አለች። «አይ፣ ቧንቧ ነው» አልኳት፣
«ቧንቧ ምን ያውቃል? ያወርዳል የሰጡትን፣ ያሸከሙት።
ምንጩ ነው ነገሩ።» ብዬ ሳልጨርስ አፈርኩኝ፤
የዚህኛው ምንጭ እኔው ራሴ ነበርኩኝ።

ስድስት ኪሎ ጨመርን።
ከሰዓቱን በሙሉ መዝገብ ቤት ከረምን፣
አቧራ ስናራግፍ፣ ገጽ በገጽ ስንገለብጥ፣
ቀን የሌለውን ለብቻ፣ ፊርማ የሌለውን ለብቻ ስናስቀምጥ።
ባንዱ ጀርባ፦ ‹ምስር ሁለት ኪሎ። የልጅ ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ።›
«ይኼስ ይግባ ጋሼ?» ብላ ሳቀች፤ የእኔም ሳቅ ተነሣ።
«ተዪው» አልኳት። «ያ ልጅ ዛሬ
አርባ ሦስት ነው የሚጫማ።»

መሽቷል። አዘዞ ላይ አንዲት ሴት ቧንቧ ትከፍታለች፣
የልጇን ፊት ታብሳለች፣ በጣሳ ትጠጣለች።
ከየት መጣ አትልም። ለምን ትጨነቅ?
እዚህ፣ ከካርቶን መሀል፣ እኛ አለን የምንጠይቅ።

«ጋሼ» አለች ትርንጎ፣ «ገና አራት ካርቶን አለ።»
መብራቱ ሄደ። ኪሴን ዳበስኩ፤
ባትሪዬ አለ።