ሁለት አፍንጫ

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንገረብ ሲጠራ፣
ቢጫ ሲለብስ ጎሃ፣ ሜዳው ከተራራ፣
ጎንደር በሙሉ «እንኳን አደረሰህ» ሲባባል፣
የኔ ቤት ያስነጥሳል።

እኔ የባጃጅ ሰው፣ የአዘዞ መንገደኛ፣
አቧራ ነው የኔ የማይከፍል ደንበኛ።
እሷ ልብስ ሰፊ፣ አራዳ ነው ሱቋ፣
የጨርቅ ብናኝ ነው የቅንድቧ ጌጧ።
ስሟ ሽታዬ ነው፤ አባቷ ሲሰይም
ምን እንደ ሸተተው ጠይቄ አላውቅም።

አምና በመስቀል ላይ አፍንጫችን ቢዘጋ፣
«ሳይነስ ነው» ይለናል ሰው እየተጠጋ።
ተሳፋሪዬ ሁሉ ሐኪም ነው ከኋላ ወንበር፤
አንዷ «ምች ነው» ስትል፣ አንዱ «የጥርስ ነው» ሲል ነበር፤
ሂሳብ ሳልቀበል መድኃኒት አዞልኝ፣
መልሱን እንኳ ረስቶ የወረደም አለኝ።
አንዲት ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችን፤
«ብርድ ነው» ያለችው መስኮት አስዘጋችን፤
ብናኝና አቧራ ከኛው ጋር ታሽገው፣
አራት ሆነን አደርን፤ አልጋው የሁለት ሰው ነው።

አሞክሳሲሊን ገዛሁ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣
ሃያ አንድ እንክብል በላስቲክ ተጠቅልሎ።
እንደ ዳቦ ቆረስኩት፦ አሥር ላንቺ፣ አሥር ለኔ፤
የተረፈችውን አንዷን፣ «አንተ ብሶሃል» ብላ፣ አኖረቻት ከጎኔ።
ፍቅርም አንዳንድ ጊዜ በእንክብል ይቆጠራል፤
ሞኝነትም ያው ነው፣ እኩል ይሰፈራል።

ሳምንት አለፈ።
እሷ ሰባቴ ታስነጥሳለች በተርታ፣
እኔ ግንባሬን በነጠላዋ አስሬ እንቅልፍ አጣሁ ማታ።
«ይማርሽ» ማለቱን ከአምስት በኋላ ተውኩት፤
የሷንም «ያኑርህ» ከእጇ አነበብኩት።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ዘርትሁን
አስቀመጠች ባንድ አግዳሚ ሁለታችንን።
«ይበላሻል?» አለቻት።
«ይበላኛል፤ ዓይኔን፣ ላንቃዬን፣ ጆሮዬን ጭምር፤
ጠዋት ይጀምረኛል፤ ሱቄን ስከፍት ደግሞ ሌላ ዙር።»
«የሚወርደውስ?» «ውሃ ነው፣ የምንጭ ውሃ፣ ጥርት ያለ።»
«ትኩሳት?» «የለም።» «ካቻምናስ?»
«ካቻምናም መስከረም ሲገባ፣ እንዲሁ እንዳለ።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»
«እኔን አይበላኝም፤ ይከብደኛል፤
ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል፣ ከግንቡ የወደቀ ድንጋይ
ጉንጬ ውስጥ ይንከባለላል።
የላይ ጥርሴን ያመኛል፤ ጥርሴ ግን ደህና ነው፤
የሚወጣው ወፍራም፣ ቢጫ፣ ክርፋቱም ልዩ ነው።
ክርፋቱን እንኳ የነገረችኝ ሽታዬ ናት፤
ለኔማ ከስሟ በቀር ሌላ ሽታ የለኝ በቤት።»
«ስንት ቀንህ?» «አሥራ አራት። በስድስተኛው ተሽሎኝ ነበር፤
ከዚያ ትኩሳት ይዞ ተመለሰ፣ እንደ አበዳሪ ከበር።»

ያን ጊዜ ነው እስክሪብቶዋን ያነሳች።
«ቀለሙን ብቻ አትመኑ፣» አለች፤
«ተራ ጉንፋንም ቢጫ ያወርዳል፤
ቀን ቁጠሩ፤ ሄዶ የሚመለስ ብዙ ይናገራል።
የሷ አለርጂ ነው፤ አፍንጫዋ ቁጡ ዘበኛ፣ አበባም ቢሆን ይጮኽበታል፤
ያንተ ግን፣ እንግዳው ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆልፎታል።»

ለሷ የአፍንጫ መርጫ፣ የአፍ መሸፈኛ፤
ለኔ ሙሉ መድኃኒት፣ ያለ ተካፋይ ጓደኛ።
አሥሩን ለማያሻት ሰጥቼ፣ ለሚያሻኝ ግማሽ መዋጤን ሳውቀው፣
ሽታዬ ሳቀች፤ ሳቋ አስነጠሳት፤
«ይማርሽ» አልኩ፣ ሌላ ምን ልበለው።

ሲሻለኝ መጀመሪያ የሚመጣው ጠረን
የአንገቷ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ ሰሞኑን።
አንድ ማለዳ ግን፣ በማደያው ሰልፍ ባጃጄን እየገፋሁ፣
ቤንዚን ሸተተኝ። ቤንዚን! ቆሜ እንባዬን ጠረግሁ።
ከኋላዬ ያለው ሹፌር አንገቱን አወጣና፣
«አይዞህ ወንድሜ፣» አለኝ፣
«ሳይነስ ነው፤ እኔንም አልለቀቀኝ ገና።»