ሁለት ግራም

ከኮምቦልቻ ተነሳሁ ማለዳ በሚኒባስ፣
ሐረጎን እየተጠማዘዝኩ፣ ደሴ እስክደርስ፤
ጭኔ ላይ ካርቶን አለ፣ በአሮጌ ነጠላ የታሰረ፣
የእንዳለው ሸክላ ማጫወቻ፣ ሦስት ክረምት አፉን ዘግቶ ቁምሳጥን ላይ የነበረ።
መርፌው አልቋል። አልቆም ዝም አይል፣ ይፈጫል፤
ዘፋኙ «ሆዴ» ሲል እንደ አሸዋማ ቆሎ ይንቀጫቀጫል።

ጋሽ ሙሄ ሱቅ ደረስኩ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣
የጦሳ ጉም ገና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፤
ክዳኑን ከፈተ፣ ክንዱን በጣቱ ጫፍ ብድግ አደረገ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሌላ መነጽር መርፌዬን ፈለገ።
«እትዬ ወሰን፣ ይሄኮ መርፌ አይደለም፣ ማረሻ ነው፤
ከዚህ ወዲያ ሸክላ ማጫወት ሳይሆን ማረስ ነው።»

ሦስት ዘረጋልኝ በነጭ ጥጥ ላይ፣
ዋጋ ሳይጠራልኝ፣ አንዱን ካንዱ ሳይለይ።
አንደኛው ሴራሚክ፤ ስድስት መቶ ብር፤
«ርካሽነቱን አይዩ፣ ስድስት ግራም ተጭኖ ፈሩን ሲቦረቡር
በዓመቱ ባዶ ሳህን ያስቀርዎታል።»
ሁለተኛው ማግኔት፣ ጫፉ ክብ አልማዝ፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ፤
ሦስተኛውም ማግኔት፣ ጫፉ ሞላላ፣ በጠባቡ ገብቶ
ትንሿን የሚለቅም፤ አምስት ሺህ ነው አለኝ፣ ያውም አስተያይቶ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ሺህ አለ፣ ከጡረታ የተረፈ፣
ከመብራት፣ ከዘይት፣ ከሠርግ ከለቅሶ ያለፈ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ፈትል ክፍል ሠራሁ፣
የተበጠሰ ክር ሳላይ በጣቴ ስቀጥል አደርኩ፣ አመሸሁ፤
ጥጡ ሳንባዬን ምሮኛል፣ ተመስገን፤ ማሽኑ ጆሮዬን አልማረኝም፣
የወፍ፣ የትንኝ፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ዛሬ አይሰማኝም።

«ለማይሰሙት ድምፅ ታዲያ ብር ማፍሰስ ምን ሊበጅ?»
አለኝ። ልክ ነው። ግን ከነከነኝ። ያኔ ገባች ረውዳ፣ የሱው ልጅ፣
ከጎረቤት ወርቅ ሠሪ የተዋሰችውን ሚዛን ይዛ፣
እንደ እንቁላል በሁለት እጇ፣ ቀስ ብላ፣ ተክዛ።
(ወርቅ የለኝም። የነበረችኝን ሸጫታለሁ በእንዳለው ሕመም ጊዜ፤
ይቺው ሚዛን ትሆን የመዘነቻት? አልጠየቅሁም። ሌላ ቀን ነው ትካዜ።)

መርፌውን ሚዛኗ ላይ አሳረፉት፤ ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፣
የክንዱን የኋላ ክብደት በፀጉር ያህል አዞረው፤ ሁለት ግራም ላይ ተቀመጠ።
ሁለት ግራም። ከአንድ ቁንጥር በርበሬ አይበልጥም።
ቢጫኑት ያርሳል፤ ቢተዉት ፈር ይለቃል፣ አይቀመጥም።

ሸክላዬን አወጣ። እንዳለው በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው፣
ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተም ያለው።
በክቡ አጫወተ። ሆዴ ተላወሰ፣
አሸዋው ጠፍቶ፣ «ሆዴ» ሙሉ ሆኖ ደረሰ።
በሞላላው አጫወተ። ያው ነው ያው፣ እንደነበረ፤
ረውዳ ግን አንገቷን ሰበረች፤ ፊቷ ተቀየረ።
«ሊጀምር ሲል… ከሳክስፎኑ በፊት… አንድ ሰው ትንፋሽ ሳበ፤
ወንበር ሲጥ አለ፤ ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ወደ ማይኩ ቀረበ።»

አርባ ስምንት ዓመት! በዚያ ዘፈን ተድሬበታለሁ፣ ወልጄበታለሁ፣
ሰውዬው መፍራቱን ዛሬ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰማሁ።
«ድገሚልኝ» አልኩ። ስትደግም ጣቷን ብድግ አደረገች ትንፋሹ ጋ፤
በጣቷ ሰማሁት፣ የራሴን ትንፋሽ ይዤ፣ ዓይኔን ሳልዘጋ።

ጋሽ ሙሄ ሁለቱን ጎን ለጎን አዙሮ አሳየኝ፤
«አካላቸው አንድ ነው፤ ጫፉ ብቻ ይነቀላል፤ አይጨነቁብኝ።
ዛሬ ክቡን ይውሰዱ። እቁብ ሲደርስዎ ሞላላውን እንሰካለን፤
ትንፋሹ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ፈሩ ውስጥ ነው፣ እናገኘዋለን።»
ቆጥሬ ከፈልኩት። ስድስት መቶ ተረፈችኝ፤
መቶዋን ለረውዳ፣ «ለጆሮሽ» ብላት፣ እምቢ አለችኝ።

ሐረጎን ስንወርድ ሾፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጣሪያው ለቆታል፤
ካርቶኑን አቅፌዋለሁ፤ በየኩርባው ክንዱ ውስጥ ውስጡን ይላወሳል።
አጠገቤ ያለው ተማሪ «ምንድን ነው እማማ?» ቢለኝ፣
«ሰው ነው፣ ሊዘፍን ሲል የፈራ» ልለው ስል፣ ሳቅ አመለጠኝ።
«መርፌ ነው» አልኩት።